የጎማ መንፊያ ልግዛ ላለችው እህት፦ ካርቶኑ ላይ ያለው 150 አያታልልሽ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደሴ ትኖሪያለሽ፣ ስራሽ ኮምቦልቻ ነው፣ በየቀኑ በቪትዝ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርጃለሽ ትወጫለሽ፣ በወር አንዴ ደሞ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጋ ትሄጃለሽ። የኋላ ቀኝ ጎማሽ በየሳምንቱ እየቀነሰ ስላስቸገረሽ ተንቀሳቃሽ የጎማ መንፊያ ልትገዢ አስበሻል። ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል ወይስ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው? ሻጩ «ይሄ 150 ፒኤስአይ ነው፣ የጭነት መኪና ሳይቀር ይነፋል» ያለሽስ እውነት ነው (ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት የሚለካበት ነው)? ወንድምሽ ለኢሱዙው ቢዋስሽ ይሰራለታል? ያልሽው ይሄን ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ፣ ከተለማማጅነት ጀምሮ ስቆጥረው 19 ዓመት ሆነኝ፣ ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ፣ ቢረዝምም ታገሺኝ።

አጭሩ መልስ ላንቺ ገመድ ያለው፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው፣ ሲሊንደሩ ብረት የሆነ፣ 10 አምፔር ወይም 120 ዋት አካባቢ የሚወስድ መንፊያ ነው፣ ከሱ ጋር ለብቻዋ አንዲት ትንሽ ጌጅ፣ የንፋስ መለኪያ ማለቴ ነው፣ ግዢ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ያቺ የኋላ ቀኝ ጎማ። ጤነኛ ጎማ በወር 1 ወይ 2 ፒኤስአይ ቢቀንስ ነው፣ ያ ተፈጥሮው ነው። በየሳምንቱ በአይን እስኪታይ የምትወርድ ጎማ ግን በሽታ አለባት፣ ወይ ሚስማር ተሰክቶ እዛው ቀርቷል፣ ወይ ቫልቩ ውስጥ ያለችው ትንሿ መርፌ ደክማለች፣ ወይ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ጠርዝ ዝጓል ወይም ጉድጓድ መትቶት ጎብጧል። እቤትሽ ማወቅ ትችያለሽ፣ ኦሞ በጥብጠሽ ቫልቩ አፍ ላይ፣ ከዛ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ዙሪያውን፣ ከዛ መርገጫውን ቀቢው፣ አረፋ እየነፋ የሚወጣበት ቦታ እሱ ነው። መርፌዋ ከሆነች ቅያሪዋ ምንም ማለት አይደለም። ይሄን የማነሳው መንፊያው በሽታውን ስለሚደብቅልሽ ነው። በየሰኞ ጠዋቱ ሞልተሽ ትሄጃለሽ፣ ሐሙስ ላይ ጎማዋ ወርዳ በሐረጎ ጥምዝ ትጭኛታለሽ፣ ንፋሷ ያነሰ ጎማ ጎኗ እየታጠፈ ከውስጥ ትግላለች፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑም የራሱን ሙቀት ይጨምራል። እባክሽ መንፊያውን ከመግዛትሽ በፊት እሷን አሳዪ።

አሁን ወደ 150ው። ይሄ ቁጥር ገበያ ላይ የማየው ትልቁ ማሳሳቻ ነው። 150 ማለት መንፊያው ሞተሩ ታግሎ ታግሎ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ግፊት ነው፣ አንዳንዱ ላይማ የጌጁ ፊት ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ነው። ያንቺ ቪትዝ የምትፈልገው 32 አካባቢ ነው። የሹፌሩን በር ስትከፍቺ የበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ ተለጣፊ አለ፣ ከጃፓን በቀጥታ የመጡት ላይ በኪሎፓስካል ነው የሚጻፈው፣ 220 ካለ 32 ፒኤስአይ ማለት ነው፣ ጎኑ ላይ 2.2 ብሎም ይጽፈዋል። ስለዚህ 100 የሚለውም 150 የሚለውም ላንቺ ልዩነት የለውም። ልዩነት ያለው በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ያስገባል የሚለውና ሳይቃጠል ስንት ደቂቃ ይሰራል የሚለው ነው፣ እሱን ደሞ ካርቶኑ ላይ በትንሹ ጽፈውት ታገኚዋለሽ ወይ ጭራሽ አይጽፉትም። 35 ሊትር በደቂቃ የሚለው ለትንሽ መኪና ይበቃል፣ ግን እሱም ጎማው ባዶ ሳለ ነው፣ ግፊቱ 30 አካባቢ ሲደርስ ግማሹን ቢሰጥሽ ነው።

እዚህ ላይ ደሴ መኖርሽን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍ ባልሽ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ መንፊያው ደሞ የሚስበው ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው፣ በእያንዳንዱ ምት የሚያስገባው አየር ያንሳል ማለት ነው። ያው ጎማ፣ ያው መንፊያ፣ ባህር ጠረፍ ላይ 3 ደቂቃ የፈጀው ደሴ ላይ 4 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሲሶ ያህል ጭማሪ ነው። ለትንሽ መሙላት አይሰማሽም፣ ባዶ ጎማ ስትነፊ ግን መንፊያው በዛው ልክ ረዘም ላለ ጊዜ ይሰራል፣ በዛው ልክ ይግላል። ስለዚህ ደሴ ላይ የሚኖር ሰው ለጥቂት ብር ብሎ ትንሿን፣ የፕላስቲኳን ባይገዛ ይሻላል እላለሁ። የቪትዝ ጎማ ከ22 ወደ 32 ለመድረስ በደህና መንፊያ 2 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዜሮ ከጀመርሽ 5 6 ደቂቃ። የሃይሉክስ ጎማ ያንቺን ሦስት እጥፍ ያህል አየር ይይዛል፣ እሱን ከዜሮ ማንሳት ሩብ ሰዓትን ያልፋል፣ ትንሿ መንፊያ የምትሞተውም እዛ ላይ ነው።

ደሞ ብዙ ሰው እየመጣ የሚጠይቀኝ አለ፣ ደሴ ሞልቼ ኮምቦልቻ ስወርድ ይቀንሳል ወይ? ሲለካ አዎ፣ በከፍታው ምክንያት ወደ 1 ፒኤስአይ ቀንሶ ያሳያል፣ ግን ኮምቦልቻ ስለምትሞቅ ሙቀቱ ያንኑ ያህል መልሶ ይጨምረዋል፣ ሁለቱ ይካካሳሉ። ለአዲስ አበባውም መንገድ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ትወርጃለሽ፣ ጣርማበር ከ3,000 በላይ ትወጫለሽ፣ ደብረ ብርሃን ብርዱ አለ፣ በየከተማው እየቆምሽ አታስለኪ። ጠዋት ደሴ ላይ ሳትነጂ ለክተሽ ተለጣፊው የሚለውን ሙሊ፣ በቃ። ስትነጂ ጎማው ስለሚግል 4 5 ፒኤስአይ ከፍ ይላል፣ ያ እንዲሆን የታሰበ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 37 አየሁ ብለሽ እንዳታስተነፍሺው፣ ማታ ሲበርድ አንሶ ታገኚዋለሽ።

ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። የሲጋራ መለኮሻሽ ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፔር ነው፣ በ12 ቮልት ስታበዢው 180 ዋት። 10 አምፔር የሚወስድ መንፊያ በሰላም ይሰራል። ባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ ግን ብዙዎቹ ከ20 አምፔር በላይ ይወስዳሉ፣ ስለዚህ በሁለት መቆንጠጫ ቀጥታ ባትሪው ላይ ነው የሚያያዙት። እነሱ ጎበዞች ናቸው፣ ለሃይሉክስ ለዶልፊን ለምናምን እኔም እመክራለሁ፣ ላንቺ ግን ኮፈን ከፍቶ ቀይና ጥቁር ለይቶ መቆንጠጥ ዝናብ ላይ አስቸጋሪ ነው፣ አስፈላጊም አይደለም። አንዳንድ ሻጭ ባለ ሁለት ሲሊንደሩን በማገናኛ አድርጎ «መለኮሻውም ላይ ይሰራል» ብሎ ይሸጣል፣ አይሰራም። አንድ ደንበኛዬ እንደዛ ተነግሮት ገዝቶ ፊውዙ ተቃጠለ፣ ቀይሮ ድጋሚ ተቃጠለ፣ ከዛ የሆነ ሰው መክሮት የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት ጠቅልሎ በፊውዙ ቦታ ከተተበት፣ እኔ ጋ ሲመጣ ከዳሽቦርዱ ስር ገመዱ ቀልጦ ነበር። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው፣ ፊውዝ ካቃጠለብሽ መንፊያው ለመኪናሽ አይሆንም ማለት ነው፣ መልሺው።

ቻርጅ የሚደረጉትን አልጠላቸውም፣ ቀላል ናቸው፣ ገመድ አይጎተትም፣ ቁጥር ሞልተሽ ስትጫኚው ራሱ ይቆማል፣ ለባጃጅ፣ ለሞተር፣ ለልጆች ብስክሌት አሪፍ ናቸው። የኔ ችግር ከባትሪው ጋ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ ሐረጎ ጉም በጉም ሆኖ፣ ከደሴ እየወረድኩ አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ዳር ቆማ አገኘኋት፣ የፊት ጎማዋ ወርዷል፣ መንፊያ አላት፣ አዲስ ነው፣ ከኪስ ስልክ ትንሽ ከፍ የሚል ቆንጆ ነገር፣ ስትጫነው አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከገዛችው አምስት ወር ሆኖታል፣ አንድ ቀን ቻርጅ አድርጋው ኪሱ ውስጥ አስቀምጣዋለች፣ ከዛ በኋላ አላየችውም። ማንም ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ እሷን አልወቅሳትም፣ በየወሩ ቻርጅ የሚደረግ ነገር የማያስታውስ ሰው የለም ብሎ ማሰብ ነው ስህተቱ። ያንቺ መኪና ሞተር እስከተነሳ ድረስ ግን ገመድ ያለው መንፊያ ሁሌ ይሰራል።

ሌላው የባትሪው መጠን አጻጻፍ ነው። 6,000 ሚሊአምፔር አወር ብለው በትልቁ ይጽፋሉ፣ ያ ብዙ ጊዜ ሦስት ባለ 2,000 ባትሪዎች ተደምረው ነው፣ በ3.7 ቮልት ስታሰይው 22 ዋት አወር (ባትሪው የሚይዘው ጉልበት ማለት ነው) ብቻ ይሆናል። መንፊያው 80 ዋት ከወሰደ ሩብ ሰዓት ገደማ ሰርቶ አለቀ ማለት ነው፣ ያውም አዲስ ሆኖ። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገውን እገዛለሁ ካልሽ ዋት አወር የሚለውን ፈልጊ፣ ደሞ መኪናው ላይ እየተሰካም መስራት የሚችለውን ምረጪ፣ እንደዛ አይነቶች አሉ፣ እነሱን ከሆነ አልከራከርሽም። በባቲ በኩል ወደ አፋር የሚመላለስ ሰው ደሞ ሊትየም ባትሪ ያለው ነገር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ባይተው ጥሩ ነው፣ ሙቀት ባትሪውን ቶሎ ያስረጀዋል፣ ሲብስም አደጋ አለው።

የእግር ፓምፕስ ካልሽ፣ ብረት ሲሊንደር ያለው ከሆነ አከብረዋለሁ፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም አይቃጠልም። አንድ የቪትዝ ጎማ ከ22 ወደ 32 ለማድረስ ደሴ ላይ ወደ 100 ረገጣ ይወስዳል። ቁልቁለት ላይ ቆሞ 100 መርገጥ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

አሁን ሱቅ ውስጥ ገብተሽ እንዴት እንደምትመርጪ። ካርቶኑን ሳይሆን እቃውን አንሺው፣ ከበድ ይበልሽ፣ ቀላል የሆነው ውስጡ ፕላስቲክ ነው። ከታች ወይ ከጎኑ የተለጠፈውን አንብቢ፣ አምፔሩን፣ ዋቱን፣ ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሰራ፣ 10 ደቂቃ ሰርቶ 20 ወይ 30 ደቂቃ ይረፍ የሚል ነገር ካለ ጥሩ ምልክት ነው፣ የሰራው ሰው አስቦበታል ማለት ነው። ገመዱንና ቱቦውን ዘርግተሽ ለኪው፣ ቪትዝሽ 3 ሜትር ከ60 አካባቢ ነው ርዝመቷ፣ ከዳሽቦርዱ ተነስቶ ያቺ የኋላ ቀኝ ጎማ ጋ መድረስ አለበት፣ ስንቱ ሰው ገዝቶ ሲሄድ ግማሽ ሜትር አጥሮበት መልሶ መጥቷል። የቱቦው ጫፍ ቫልቩ ላይ እየተጠመዘዘ የሚገባውና ማንሻ ያለው፣ ቀጭ ብሎ የሚይዘው አለ። የሚጠመዘዘው አጥብቆ ይይዛል ግን ስትፈቺው ሽሽ እያለ 1 ፒኤስአይ ያህል ያስወጣል፣ ደሞ ብረቱ ሲግል ጣት ያቃጥላል። ማንሻ ያለው ቶሎ ይለቃል፣ ግን ርካሹ ላስቲኩ ቶሎ ይበላና ንፋስ ያሳልፋል። እኔ ማንሻ ያለውን ነው የምመርጠው፣ ላስቲኩን ጎንበስ ብለሽ እይው ብቻ።

ከሁሉም በላይ ግን ጌጁ። መንፊያ ላይ ያለ ጌጅ፣ ዲጂታልም ይሁን በመርፌ የሚያሳየው፣ 2 3 ፒኤስአይ መሳቱን በየቀኑ ነው የማየው፣ ከዛ በላይ የሚስትም ገጥሞኛል። ደሞ መንፊያው እየሰራ እያለ የሚያሳየው ሁሌም ከእውነተኛው ከፍ ያለ ነው ምክንያቱም የቱቦውን ግፊት ነው የሚያነበው፣ አጥፍተሽ ነው ማንበብ ያለብሽ። ለዚህ ነው ለብቻዋ አንዲት እስክሪብቶ የምታክል ጌጅ ግዢ ያልኩሽ። የቱ ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱንም ይዘሽ ሄደሽ ከጥሩ ጎሚስታ ጌጅ ጋር አስተያዪ፣ መንፊያሽ 3 አብዝቶ የሚያሳይ ከሆነ ለ32 35 እስኪል ነፍተሽ ታቆሚያለሽ። ሁሌ በአንድ ልክ የሚስት ጌጅ ችግር የለውም፣ ዛሬ 2 ነገ 5 የሚስተውን ነው የማልፈልገው።

ስለ ቁጥሩ ካነሳሁ፣ የኛ ሙያ ሰዎች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ለመጣ መኪና ሁሉ 35 40 ሞልቶ መሸኘት ልማድ ሆኗል፣ ቪትዙም ዶልፊኑም አንድ ነው። ቪትዝ ላይ 40 ሲሞላ ጎማው ይበልጥ በመሃሉ ነው አስፋልት የሚነካው፣ መሃሉ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ መያዣው ይቀንሳል፣ ሐረጎ ላይ በክረምት መያዣ ማለት ደሞ ነፍስ ነው። ማንም ሲሞላልሽ ቁጥሩን አንቺ ንገሪው።

መንገድ ላይ ስትጠቀሚበት፣ ጥምዝ ላይ አትቁሚ፣ ጎማው ቢወርድም ቀስ ብለሽ ጥቂት ሜትር ሄደሽ ሰው ከሩቅ የሚያይሽ ቦታ ቁሚ፣ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ ድንጋይ ታኮ አድርጊ፣ ትሪያንግሉን አስቀምጪ። ሞተሩን አስነስተሽ ነው የምትነፊው፣ አለበለዚያ ባትሪሽን ትጨርሽዋለሽ፣ እቤት ከሆነ ግን በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስተሽ እንዳትነፊ፣ ጭሱ ይገድላል። ከመንፋትሽ በፊት ጎማውን ዞረሽ እይው። ጭራሽ ባዶ ሆኖ ተነድቶበት ከሆነ፣ ጎኑ ላይ ዙሪያውን የተፈጨ ወይም የተሸበሸበ መስመር ካለ፣ አትንፊው፣ ጎኑ ከውስጥ ተበልቷል፣ ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል፣ ስኮርታሽን ቀይሪ። ጎማው ከቸርኬው ተላቆም ከሆነ ትንሹ መንፊያ አያስገባውም፣ እሱን ለመመለስ ባንዴ ብዙ አየር ያስፈልጋል፣ የኛ ትልቁ ኮምፕሬሰር ነው የሚችለው። መንፊያ አለኝ ብለሽ ስኮርታና ክሪክ ከመኪናው እንዳታወጪ፣ ስኮርታዋንም በወር አንዴ ለኪያት፣ እሷን ማንም አያስታውሳትም።

የወንድምሽ ኢሱዙ። አይሆንም። የሱ ጎማ እንደ ጭነቱ 80 90 ፒኤስአይና ከዛም በላይ ይፈልጋል፣ ያንቺ መንፊያ እዛ ለመድረስ እያረፈ እያረፈ ሰዓታት ይፈጅበታል፣ ምናልባት እዛው ላይ ይቃጠላል፣ 150 የሚለው ጽሑፍ አያድነውም። የአየር ፍሬን ያላቸው ትልልቅ መኪኖች ከራሳቸው ታንክ ቱቦ ቀጥለው ይነፋሉ፣ የሱ ያ ከሌለው ጎሚስታ ጋ ነው መሄድ ያለበት። ዋናው ምክንያቴ ግን መንፊያው አይደለም። ከመነዳሪ (የውስጥ ላስቲክ) ያላቸው፣ ቸርኬያቸው ላይ የብረት ቀለበት ያለባቸው የጭነት መኪና ጎማዎች ቀለበቱ በደንብ ሳይገባ ሲነፉ ይወረወራል። ተለማማጅ ሳለሁ አንዱ ተወርውሮ የወርክሾፑን ቆርቆሮ ጣሪያ ቀዶ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ጎማው ላይ ጎንበስ ብሎ የነበረው ልጅ ጌጅ ሊያመጣ ዞር ባለበት ቅጽበት ነው። ወንድምሽ ጎማው ከወረደ በኋላ በመንገድ ዳር ራሱ ልንፋው እንዳይል፣ ቀለበቱን አስፈትሾ፣ ጎማው በብረት አጥር ውስጥ ገብቶ ወይም በሰንሰለት ታስሮ፣ ረጅም ቱቦ ተቀጥሎለት ሰውየው ከጎን ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የሚነፋው፣ ፊት ለፊቱ ማንም እንዳይቆም፣ ረዳቱንም ጭምር ያርቀው።